የምርጫ ክልል ወሰን ሲቀየር ማን ይጠቀማል? ስለ አልበርታ ካርታ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካልጋሪም ሆነ ኤድመንተን፣ ምርጫ በቀረበ ቁጥር ቡና ላይ አንድ ክርክር አይጠፋም። «ካርታውን የቀየሩት ለማሸነፍ ነው» የሚል አለ። «ካርታ ምን ያመጣል፣ ሕዝብ ከመረጠ መረጠ ነው» የሚልም አለ። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ሁለቱም የሚስቱት ነገር ግን አለ፤ እሱም ሰው የት የት ሰፍሮ ይኖራል የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ የምጠየቃቸውን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። አብዛኛው ምሳሌ ከካናዳዋ ክፍለ ሀገር ከአልበርታ ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩት እዚያ ነው፤ ነገሩም እዚያ ጥርት ብሎ ይታያል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምርጫ ክልል ሲባል ምን ማለት ነው?

አገር ቤት «ክልል» ሲባል አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ሲዳማ እያልን ስለምናስብ ነገሩ ይምታታል። እዚህ የምርጫ ክልል የምንለው አንድ ተወካይ ብቻ የሚመረጥበትን አካባቢ ነው። ከ2012 እስከ 2023 በተደረጉት አራት ጠቅላላ ምርጫዎች አልበርታ በ87 የምርጫ ክልሎች ተከፍላ ነበር። በእያንዳንዱ አንድ ሰው ያሸንፋል። የመራጩን ግማሽ ማግኘት አይጠበቅበትም። ከተፎካካሪዎቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ከበለጠ በቃው። ኢትዮጵያም ለተወካዮች ምክር ቤት የምትመርጠው በዚሁ መንገድ ስለሆነ ለብዙዎቻችን አዲስ ነገር አይደለም።

በዚህ አሠራር ለተሸነፈ እጩ የተሰጠ ድምፅ ወደ ጎረቤት ክልል አይሻገርም። እዚያው ይቀራል። ያሸነፈ ሰው ያገኘው ትርፍ ድምፅም እንደዚያው ነው። መስመሩ በየት በኩል አለፈ የሚለው ጥያቄ ክብደት የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ወሰኑ ባለበት ቢቆይ ምን አለበት?

ሰው ባለበት አይቆይማ! የካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻንና የኤድመንተንን ደቡብ እዩት። ትናንት ሜዳ የነበረው ዛሬ ቤት በቤት ሆኗል። በሌላ በኩል ወጣቱ ወደ ከተማ እየሄደ ሰው የቀነሰባቸው የገጠር አካባቢዎች አሉ። መስመሩ ሳይነካ ለሃያ ዓመት ቢቆይ የአንዱ ተወካይ ለምሳሌ 80 ሺህ ሰው፣ የሌላው 30 ሺህ ሰው ይወክላል። ምክር ቤት ገብተው እጅ ሲያወጡ ግን ሁለቱም እኩል አንድ ናቸው። ስለዚህ በአልበርታ ሕግ ከየሁለት ጠቅላላ ምርጫ በኋላ ካርታውን የሚያይ ኮሚሽን ይቋቋማል።

ካርታውን የሚስለው መንግሥት ነው?

በቀጥታ አይደለም። አምስት አባላት ያሉት ኮሚሽን ነው የሚስለው። ሁለቱን ፕሪሚየሩ፣ ማለትም የክፍለ ሀገሩ መንግሥት መሪ ያቀርባል። ሁለቱን የተቃዋሚው መሪ ያቀርባል። ሁለቱም ከሚያቀርቧቸው አንዱ ከከተማ፣ ሌላው ከከተማ ውጭ መሆን አለበት። ሰብሳቢው አብዛኛውን ጊዜ ዳኛ ነው። በ2016 የተቋቋመውን ኮሚሽን የመሩት ዳኛ ማይራ ቢልቢ ነበሩ።

ኮሚሽኑ መጀመሪያ ረቂቅ ካርታ ያወጣል፣ የሕዝብ አስተያየት ይሰበስባል፣ ከዚያ የመጨረሻውን ሪፖርት ያቀርባል። ሪፖርቱ ሕግ የሚሆነው ምክር ቤቱ ሲያጸድቀው ነው። እዚህ ላይ ቀዳዳ አለ። የመጨረሻው ቃል የፖለቲከኞች ነው። እስከ አሁን ገመዱን የያዘው ልማድና ይሉኝታ ነው ብዬ አምናለሁ። የኮሚሽኑን ካርታ ጥሎ የራሱን የሚስል መንግሥት በሕዝብ ዘንድ የሚከፍለው ዋጋ አለ።

ከአሜሪካው ጄሪማንደሪንግ በምን ይለያል?

ቃሉ የመጣው በ1812 የማሳቹሴትስ ገዢ ከነበረው ከኤልብሪጅ ጄሪ ስም ነው። በእሱ ዘመን ከተሳሉት ክልሎች አንዱ ቅርፁ ሳላማንደር የሚባለውን እንሽላሊት መሰል እንስሳ መሰለና ሁለቱ ቃላት ተዳቀሉ። በአብዛኛው የአሜሪካ ግዛት ካርታውን የሚስሉት የምክር ቤት አባላቱ ራሳቸው ናቸው። ተወዳዳሪው መራጩን ይመርጣል እንደማለት ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 የፓርቲ ጥቅም ተብሎ የተሳለን ካርታ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አያዩትም ብሎ ወሰነ። በ2025 ደግሞ ቴክሳስ የአሥር ዓመቱን ቆጠራ ሳትጠብቅ ካርታዋን ለሪፐብሊካኖች ቀየረች። ካሊፎርኒያ በሕዝብ ድምፅ ለዴሞክራቶች የሚመች ካርታ በማጽደቅ መለሰች። ዳላስ ወይም ሎስ አንጀለስ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ሰምቶ «እኛም ጋ እንደዚያው ነው» ቢል አይገርመኝም።

ካናዳም ግን ንጹሕ አልነበረችም። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ1978 በወጣው ካርታ ቫንኩቨር ውስጥ ከአንድ የምርጫ ክልል ላይ ቀጭን ቁራጭ ተዘርግታ ባለጸጋ ሰፈር ስባ አስገባች። ክልሉ የሚኒስትር ግሬስ ማካርቲ ነበር። ሕዝቡ ቁራጯን «የግሬሲ ጣት» ብሎ ጠራት። ስሙ እስከ ዛሬ አልጠፋም። ገለልተኛ ኮሚሽን በማቋቋም ቀዳሚዋ ማኒቶባ ነበረች፣ በ1950ዎቹ። ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተከተሏት። ዛሬ በካናዳ ያለው ክርክር በአብዛኛው ስለ ጣት ሳይሆን ስለ ገጠርና ከተማ ሚዛን ነው።

መስመር ብቻውን አሸናፊ ሊቀይር ይችላል? በቁጥር አሳየኝ።

እሺ። 300 መራጮች አሉ እንበል። ለ«ሀ» ፓርቲ 156 ሰው፣ ለ«ለ» ፓርቲ 144 ሰው ይመርጣል። ሦስት የምርጫ ክልል እንሥራ፣ እያንዳንዱ 100 ሰው ይኑረው።

በአንደኛው ካርታ የ«ሀ» ደጋፊዎች 90 ያህሉ አንድ ክልል ውስጥ ታጭቀዋል። በሌሎቹ ሁለት ክልሎች 33፣ 33 ብቻ አላቸው። «ለ» በሁለቱ 67 ለ33 ያሸንፋል። ያነሰ ድምፅ ያገኘው ፓርቲ ሁለት ወንበር ይዞ መንግሥት ሆነ ማለት ነው።

በሁለተኛው ካርታ የ«ሀ» ሰዎች እኩል ተከፋፍለዋል፤ 52፣ 52፣ 52። አሁን «ሀ» ሦስቱንም ወሰደ። «ለ» 144 ድምፅ ይዞ ባዶ እጁን ቀረ።

ሰዎቹ ያው ናቸው። የተቀየረው መስመሩ ብቻ ነው። ማጨቅ እና መበተን፣ የካርታ ጨዋታ ሁሉ ከእነዚህ ሁለቱ አይወጣም።

ግን ልብ በሉ፤ ማጨቁን የግድ ሰው አያደርገውም። ሰፈር ራሱ ያደርገዋል። በ1998 በኩቤክ ሊበራሎች 43.6 በመቶ ድምፅ አገኙ፤ ፓርቲ ኩቤኳ 42.9። ወንበሩ ግን ለሊበራሎች 48፣ ለፓርቲ ኩቤኳ 76 ሆነ። ምክንያቱ የሊበራል መራጭ በምዕራብ ሞንትሪያል ጥቅጥቅ ብሎ መስፈሩ ነው። በብዙ ሺህ ድምፅ ብልጫ አንድ ወንበር ያሸንፋሉ፤ ትርፉ ሌላ ቦታ አይረዳቸውም። በሳስካችዋን በ1999 የሆነውም ተመሳሳይ ነው። ሳስካችዋን ፓርቲ በድምፅ ቢበልጥም ወደ ግራ ያዘነበለው ኤንዲፒ (ኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲ) 29 ለ25 በወንበር ቀደመ። ቅን ሰው በቅን ልብ የሳለው ካርታም ቢሆን እንዲህ ያለ ውጤት ሊያመጣ ይችላል።

የ2017ቱ የአልበርታ ካርታ የ2019ን ምርጫ ወሰነ ይባላል። እውነት ነው?

ይህ በጣም ከምጠየቀው ጥያቄ አንዱ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

የቢልቢ ኮሚሽን የመጨረሻ ሪፖርቱን ያቀረበው በጥቅምት 2017 ነው። ጠቅላላ ቁጥሩ 87 ሆኖ ቀረ። በካልጋሪ አንድ፣ በኤድመንተን አንድ፣ ከካልጋሪ በስተሰሜን በኤርድሪና ኮክረን አካባቢ ደግሞ አንድ ወንበር ተጨመረ። ይህን ለማካካስ ገጠር ውስጥ ሦስት ወንበሮች በማዋሐድ ተቀነሱ። ያኔ መንግሥት የነበረው የሬቸል ኖትሊ ኤንዲፒ ነው። የኤንዲፒ ጉልበት ከተማ፣ የወግ አጥባቂዎቹ ገጠር ስለሆነ «ለራሱ ቆረሰ» የሚል ወሬ ወዲያው ተነሣ። ከአምስቱ የኮሚሽን አባላት አንዷ ግዌን ዴይም የገጠር ድምፅ መሳሳቱን ተቃውመው የልዩነት ሐሳባቸውን በጽሑፍ አስቀመጡ።

ከዚያ ሚያዝያ 2019 መጣ። ኤንዲፒ ተዘረረ። የወግ አጥባቂዎቹ ፓርቲ ዩሲፒ 63፣ ኤንዲፒ 24። ካርታው ለኤንዲፒ የተቆረሰ ከነበረ፣ አልጠቀመውም።

ታዲያ ምን ሆነ? ወደ 2015 እንመለስ። ያኔ ኤንዲፒ በ40.6 በመቶ ድምፅ 54 ወንበር አሸንፎ መንግሥት መሠረተ። የወግ አጥባቂው ወገን ድምፅ ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። ፕሮግረሲቭ ኮንሰርቫቲቭ 27.8፣ ዋይልድሮዝ 24.2 በመቶ። ሁለቱን ደምሩ፤ 52 ነው። በሐምሌ 2017 ሁለቱ ተዋሕደው ዩሲፒን ፈጠሩ። በ2019 ዩሲፒ 54.9 በመቶ አገኘ። ታሪኩ ያለው እዚህ ድምር ውስጥ ነው። ኮሚሽኑ መስመር ሲያሰምር ፓርቲዎቹ ከጎን ትዳር እየመሠረቱ ነበር። ትልቁን ለውጥ ያመጣው ትዳሩ ነው።

የመስመሩ ድርሻስ? አዲሶቹ ወንበሮች የት እንደወደቁ አስቡ። በኤድመንተን ኤንዲፒ ከ20 ወንበር 19ኙን ስለወሰደ የተጨመረው አንድ ወንበር ለእሱ ሆነ ማለት ይቻላል። በካልጋሪ ዩሲፒ ከ26 ወንበር 23ቱን ወሰደ፤ እዚያ የተጨመረው ለኤንዲፒ ምንም አላመጣም። ኤርድሪና ኮክረንም የዩሲፒ ሆነ። የተቀነሱት ሦስቱ የገጠር ወንበሮች ቢቆዩ ኖሮ ወደ ዩሲፒ የሚሄዱ ነበሩ። በእኔ ግምት ድምሩ የአንድ፣ ሁለት፣ ቢበዛ የሦስት ወንበር ጉዳይ ነው። የሁለቱ ፓርቲዎች ልዩነት ግን 39 ወንበር ነበር።

በ2023ስ?

እኔን ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ ይህ ምርጫ ነው። ካርታው ያው የ2017ቱ ነው። አንድ መስመር አልተነካም።

በ2019 ዩሲፒ በ54.9 በመቶ ድምፅ ከ87 ወንበር 63ቱን ያዘ። ይህ 72 በመቶ ገደማ ነው። በ2023 በ52.6 በመቶ ድምፅ 49 ወንበር አገኘ፤ 56 በመቶ ገደማ። ድምፁ በሁለት ነጥብ ብቻ ቀንሶ ወንበሩ በ14 ወረደ። ኤንዲፒ በ44 በመቶ ድምፅ 38 ወንበር አገኘ፤ ይህም 44 በመቶ ገደማ ነው። ድምፅና ወንበር እንዲህ የሚገጣጠሙበት ምርጫ ብዙ አይደለም።

አንድ ካርታ እንዴት ሁለት የተለያየ ውጤት ይሰጣል? በ2019 አልበርታ ፓርቲ የሚባለው ሦስተኛ ወገን 9 በመቶ ድምፅ ወስዶ አንድም ወንበር አላገኘም ነበር። በ2023 ፉክክሩ የሁለት ፓርቲ ሆነ። ኤንዲፒ በካልጋሪ ከ3 ወንበር ወደ 14 ወጣ፣ በኤድመንተን 20ውንም ጠራርጎ ወሰደ። መስመሩ ሳይሆን መራጩ ነው የተንቀሳቀሰው። «ካርታው ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የማነሣለት ይህን ነው።

እንግዲያው መስመር ምንም አይደለም ማለት ነው?

እንዲያም አልልም። ፉክክሩ ሲጠብ መስመር ሁሉ ነገር ይሆናል።

በ2023 ካልጋሪ አካዲያ ላይ ኤንዲፒ የዩሲፒውን ሚኒስትር ያሸነፈው ከ30 ባነሰ ድምፅ ነው። ከ30 ያነሰ ድምፅ ማለት አንድ ኮንዶ ነው። አንድ መንገድ ወዲህ ወይም ወዲያ ቢካለል ውጤቱ ሌላ ነበር። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ደግሞ ከዚህ የባሰ ሆነ። ለ2024 ምርጫ ካርታው ተቀይሮ ወንበሩ ከ87 ወደ 93 አድጎ ነበር። ኤንዲፒ 47፣ ኮንሰርቫቲቭ 44፣ ግሪን 2 አገኙ። ከ93 ውስጥ 47 ማለት ከሌሎቹ ድምር በአንድ ወንበር ብልጫ ነው። ያቺን አንድ ወንበር የሰጠችው ሰሪ ጊልድፎርድ ናት። ድምፁ ተቆጥሮ፣ እንደገና በዳኛ ፊት ተቆጥሮ ልዩነቱ 22 ሆነ። 22 ሰው! በአንድ ለቅሶ ቤት የምናገኘው ሰው እንኳ ከዚያ ይበልጣል።

መስመር ማዕበልን አይመልስም። ሚዛን ላይ የቆመውን ግን ወደ አንዱ ጎን ይጥለዋል። ችግሩ ከምርጫው በፊት የትኛው ክልል ሚዛን ላይ እንደሚቆም ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም። ስለዚህ ካርታው ሲሳል ሁሉንም መስመር እንደ ወሳኝ ማየት ነው የሚሻለው።

የገጠር ድምፅ ከከተማ ድምፅ ይከብዳል ይባላል። ትክክል ነው?

አዎ፣ በመጠኑ ይከብዳል። በሕግ የተፈቀደ ነው።

በአልበርታ አንድ የምርጫ ክልል ከአማካዩ በ25 በመቶ ሊበልጥ ወይም ሊያንስ ይችላል። በ2017 አማካዩ 46,697 ሰው ነበር። ስፋትና ርቀት ላለባቸው እስከ አራት ለሚደርሱ ክልሎች ደግሞ እስከ 50 በመቶ ማነስ ይፈቀዳል። ኮሚሽኑ ይህን የተጠቀመው በሰሜን ላሉ ለሁለቱ ብቻ ነው፤ ለሌሰር ስሌቭ ሌክ እና ለሴንትራል ፒስ ኖትሊ። በእያንዳንዳቸው 28 እና 29 ሺህ አካባቢ ሰው ይኖራል። የእዚያ ነዋሪ ድምፅ ከአማካዩ ሰው ድምፅ በአንድ ተኩል እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው።

የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1991 ከሳስካችዋን በመጣ ጉዳይ ላይ ይህን ዓይነቱን ልዩነት ተቀብሏል። የምርጫ መብት ማለት ፍጹም እኩል ቁጥር ማለት አይደለም፣ ዋናው ውጤታማ ውክልና ነው አለ። መልክዓ ምድር፣ የማኅበረሰቡ ታሪክና የጋራ ጥቅም፣ የአናሳዎች ውክልና ከግምት መግባት ይችላሉ። እኛ ይህን ሐሳብ እናውቀዋለን። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም ለአናሳ ብሔረሰቦች በተወካዮች ምክር ቤት ከ20 የማያንስ መቀመጫ ይጠብቃል። ቁጥር ብቻውን ፍትሕ እንደማይሆን ሁለቱም ይቀበላሉ።

የኔ አቋም ይህ ነው። የሰሜኖቹ ሁለቱ ልዩ ክልሎች ይገቡኛል። ተወካዩ አንድ ስብሰባ ለመድረስ ብዙ ሰዓት ይነዳል። ክረምቱም ከባድ ነው። ነገር ግን በየቦታው ገጠር ስለሆነ ብቻ 15 በመቶ ማሳነስ፣ እያደጉ ያሉ የከተማ ሰፈሮችን ደግሞ 15 በመቶ ማጨቅ ልማድ ሲሆን አይዋጥልኝም። በእነዚያ በታጨቁት ሰፈሮች ውስጥ ብዙው አዲስ መጤ ነው። ብዙዎቻችን ነን።

ከተማና ገጠር የተቀላቀለበት ክልልስ ማንን ይጠቅማል?

ይህ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር ነው። አንድ የከተማ አካባቢ 10,000 መራጭ አለው እንበል። 5,500 ለኤንዲፒ፣ 4,500 ለዩሲፒ ይመርጣል። ብቻውን ቢቆም ኤንዲፒ ያሸንፋል። አሁን ከዳር 4,000 የገጠር መራጭ ጨምሩበት፤ 1,000 ለኤንዲፒ፣ 3,000 ለዩሲፒ። ድምሩ 6,500 ለ7,500 ሆነ። ተገለበጠ። እንደ ሌዝብሪጅና ሬድ ዲር ባሉ መካከለኛ ከተሞች ዙሪያ ያለው የመስመር ክርክር የሚጋጋለው ለዚህ ነው።

ጥሩ ምክንያት ያለው ቅልቅልም አለ። ሰዎች ገጠር እየኖሩ ከተማ ይሠራሉ፣ ልጆቻቸውን እዚያው ያስተምራሉ። እንደዚያ ከሆነ አንድ ላይ መሆናቸው ያስኬዳል። መጠየቅ ያለበት «ለምን እዚህ ላይ ቆረጣችሁ?» የሚለው ነው። አሳማኝ መልስ ከሌለ መጠርጠር ተገቢ ነው።

እኔ ገና ዜግነት አላገኘሁም። ካርታው ምን ያገባኛል?

ያገባዎታል። ካርታው የሚሠራው በመራጭ ቁጥር ሳይሆን በነዋሪ ቁጥር ነው። ዜጋ ሆኑ አልሆኑ፣ ሕፃን ሆኑ ሽማግሌ ይቆጠራሉ። የፒአር (የቋሚ ነዋሪነት) ካርድ የያዙ አንድ ሺህ ሰዎች ድምፅ ባይሰጡም ሰፈራቸው ተወካይ እንዲያገኝ አንድ ሺህ ሰው ያህል ይመዝናሉ። ስለዚህ የሕዝብ ቆጠራው ቅጽ ሲመጣ ሞልቶ መመለስ ያስፈልጋል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ቤተሰብ ተዳብሎ የሚኖር ከሆነ ሁሉም መጻፍ አለበት። ስንቶቻችን «ይህ ደግሞ ምንድን ነው» ብለን ፖስታውን ጥለናል? ያ የተጣለው ፖስታ ቀጣዩ ካርታ ሲሳል ጎዶሎ ሆኖ ይመጣል።

ማኅበረሰባችን በአንድ የምርጫ ክልል ቢሰባሰብ አይሻልም?

አንድ የሚያስቀና ምሳሌ አለ። ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ፕሬስተን የሚባል የምርጫ ክልል አለ። ለብዙ ትውልድ እዚያ የኖሩት ጥቁር ኖቫ ስኮሺያውያን ድምፃቸው እንዲሰማ ታስቦ የተለየ ነው። ለፈረንሳይኛ ተናጋሪ አካዲያኖችም ክሌር፣ አርጋይልና ሪችመንድ ተጠብቀው ነበር። በ2012 ጥበቃው ተነሣ። አካዲያኖቹ ተከራከሩ። በ2017 የክፍለ ሀገሩ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አሠራሩ መብታቸውን ጥሷል አለ። በ2021 ምርጫ አራቱም ተመለሱ፤ ወንበሩም ከ51 ወደ 55 ከፍ አለ። በዚያ ዓመት በፕሬስተን ሦስቱም ትልልቅ ፓርቲዎች ያቀረቡት እጩ ጥቁር ነበር። ከወገን ማን ይወዳደራል የሚለው ቀርቶ ከወገን የቱ ይሻላል የሚል ምርጫ ሆነ።

የእኛ ሁኔታ ግን ይለያል። በካልጋሪና በኤድመንተን ተበታትነን ነው የምንኖረው። ሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ ላይ ጠንከር ብንልም አንድ ክልል በቁጥር የምንሞላ አይደለንም። ስለዚህ ብቻችንን ሳይሆን ከኤርትራውያን፣ ከሶማሌዎች፣ ከደቡብ እስያውያን ጎረቤቶቻችን ጋር ሆነን «ይህ ሰፈር አንድ ነው፣ አትቁረጡት» ማለት ነው የሚያዋጣው። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ መስጊድ፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ የአውቶቡስ መስመር የሚጋራ ሰፈር በሕጉ ቋንቋ የጋራ ጥቅም ያለው ማኅበረሰብ ነው።

ሌላም አለ። ካርታ ሲቀየር ፓርቲዎች በየክልሉ እጩ እንደ አዲስ ይመርጣሉ። አንዳንዴ ሁለት ነባር ተወካዮች በአንድ ክልል ውስጥ ይገናኙና አንዱ ቦታውን ይለቃል። የፓርቲ እጩ የሚመረጠው በአባላት ድምፅ ነው። ጥቂት መቶ ሰው ሊወስነው ይችላል። ለትንሽ ማኅበረሰብ ከዋናው ምርጫ ይልቅ በሩ ሰፊ የሚሆነው ያኔ ነው።

«በአዲሱ ካርታ ይህ ፓርቲ ይህን ያህል ወንበር ያገኝ ነበር» የሚሉት ከየት አምጥተው ነው?

ያለፈውን ምርጫ ውጤት በየምርጫ ጣቢያው ይወስዱና በአዲሱ መስመር ውስጥ መልሰው ይደምሩታል። ጠቃሚ ሥራ ነው። ግን ሁለት ድክመት አለው። ብዙ ሰው አሁን ቀድሞ ነው የሚመርጠው። የቅድሚያ ድምፅ ደግሞ ከየትኛው መንገድ እንደመጣ ስለማይታወቅ በግምት ይከፋፈላል። ሁለተኛ፣ ሰው እጩውን አይቶ ይመርጣል። እጩው ሲቀየር፣ ፉክክሩ ሲጠብቅ ድምፁም ይቀየራል። ስለዚህ እነዚህን ቁጥሮች እንደ መነሻ ያዟቸው፣ እንደ ትንቢት አይደለም።

ቶሮንቶ ነው የምኖረው። እኛም ጋ እንዲሁ ነው?

ኦንታሪዮ የተለየ መንገድ አላት። በ1996 የወጣ ሕግ ወንበሩን ከ130 ወደ 103 ቀነሰና የፌዴራሉን ካርታ እንድትከተል አደረገ። ዛሬ 124 ወንበር ነው፤ ከሰሜኑ በስተቀር በፊት ከነበረው የፌዴራል ካርታ ጋር ይገጥማል። የፌዴራሉ ካርታ ግን ተቀይሯል፣ የኦንታሪዮው አልተከተለም። ስለዚህ በየካቲት 2025 ለክፍለ ሀገር፣ በሚያዝያ 2025 ለፌዴራል ሲመረጥ፣ በሁለት ወር ገደማ ልዩነት አንድ ቤት ውስጥ ያለ ሰው በሁለት የተለያየ ወሰን ነው የመረጠው። ግራ ከተጋባችሁ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።

አሁን አልበርታ ውስጥ ምን እየሆነ ነው?

በ2024 የወጣ ሕግ የወንበሩን ቁጥር ከ87 ወደ 89 ከፍ አድርጓል። በ2025 ደግሞ በዳኛ ዳላስ ሚለር የሚመራ ኮሚሽን ሥራ ጀመረ። የሕዝቡ ቁጥር ለ89 ሲካፈል አማካዩ 55 ሺህ ገደማ ነው። ከ2017ቱ ጋር አስተያዩት፤ በአንድ ወንበር ላይ ስምንት ሺህ ሰው ተጨምሯል። የጨመረው ደግሞ በአብዛኛው በካልጋሪና በኤድመንተን፣ በዙሪያቸውም ባሉ ከተሞች ነው። ሁለት ወንበር ለዚህ ሁሉ ዕድገት ይበቃል ብዬ አላምንም።

የኔ ክልል መቀየሩን እንዴት አውቃለሁ?

በኢሌክሽንስ አልበርታ ድረ ገጽ ላይ የቤት አድራሻዎን ያስገቡ፤ ክልልዎን ያሳይዎታል። አዲስ ካርታ የሚሠራው ከሚቀጥለው ጠቅላላ ምርጫ ጀምሮ ነው። እስከዚያ ድረስ የማሟያ ምርጫ ቢደረግ በአሮጌው ወሰን ነው የሚካሄደው፤ ተወካይዎም ያው የቀድሞው ሰው ነው። ከምርጫው በፊት ስምዎና አድራሻዎ በመራጮች መዝገብ ላይ በትክክል መኖሩን ያረጋግጡ፤ በተለይ ቤት ከቀየሩ። ጎረቤትዎ ወደ መረጠበት ጣቢያ ዝም ብለው አይሂዱ። አዲሱ መስመር በእርስዎና በእሱ ቤት መካከል አልፎ ሊሆን ይችላል።